ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ዕቃውን ያልላከ የቴሌግራም ሻጭ፦ ከክፍለ ሀገር ሆኖ ገንዘብን ማስመለስ ይቻላል ወይ?

የመነሻ ጥያቄ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ደሴ ነው። ታናሽ እህቴ የልብስ ስፌት ሙያ ሠልጥና በማጠናቀቋ፣ ሥራ የምትጀምርበት የስፌት መኪና ልገዛላት ዋጋ ሳጠያይቅ ቆይቼ፣ በቴሌግራም ቻናል ከሚሸጥና ሱቄ መርካቶ ነው ከሚል አንድ ነጋዴ ጋር በ32 ሺህ ብር ተስማማን። ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ዕቃ አስቀድሞ ካልተከፈለ አይጫንም ስላለኝ መጀመሪያ 16 ሺህ ብር ቀብድ በባንክ አስገባሁ። በማግስቱ ስሜና «ደሴ» የሚል ቃል በወፍራም ማርከር የተጻፈበት የታሸገ ካርቶን ፎቶግራፍ ላከልኝና፣ ዕቃው ሊጫን ስለሆነ ቀሪውን እንድልክ ጠየቀኝ፤ ያንንም በሰጠኝ የቴሌብር ቁጥር ላክሁ። የባንክ ሒሳቡ ባለቤትና የቴሌብሩ ባለቤት ስማቸው የተለያየ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ አለ። ቀጥሎ ለእሽግና ለጭነት ተጨማሪ 2 ሺህ 500 ብር ጠየቀ። ይህ በስምምነታችን ውስጥ የለም ብዬ ስጽፍለት ጨርሶ ዝም አለ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። ቻናሉ ላይ ግን ዛሬም አዳዲስ ዕቃ ይለጠፋል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ሰው የዘገየ ነጋዴ ነው ብዬ ልጠብቀው ወይስ አታላይ ነው ብዬ ልነሣበት? ገንዘቤን ለማስመለስስ ከደሴ ሳልወጣ የትኛውን በር ላንኳኳ?

ከዚህ በታች ያለው በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ለጥያቄዬ የተሰጡኝ መልሶች ፍሬ ሐሳብ ነው፤ ጥያቄውንና ተከታትለው የመጡትን መልሶች በአንድ ላይ «ክር» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ የሰዎች ስምና ስልክ ስላለባቸው እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አስፍሬያቸዋለሁ፤ የማምንበትንም የማልስማማበትንም በየቦታው አመልክቻለሁ።

መልስ 1። በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው የሚያስታውቅ አባት በመልካም ቃል አጽናኑኝ። ነጋዴ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ መንገድም እንደ ሐሳብ አይሆንም ብለው ጥቂት ቀን እንድታገሥ፣ ሰውየው እየሸሸኝ መሆኑን ለመለየትም ከሌላ ስልክ እንድደውል መከሩኝ። በጎረቤት ስልክ ስደውል ወዲያው አነሣ፤ ስሜን ሲሰማ ዘጋው።

መልስ 2። በስልክና በኮምፒዩተር ጥገና የሚተዳደር ወጣት፣ ከሁሉ በፊት ማስረጃው ሳይጠፋ መያዝ እንዳለበት አጥብቆ አሳሰበ። በቴሌግራም የግል ንግግር ከሁለቱ ወገን አንዱ የፈለገውን መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ከቻለ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሻጩ አንድ ቁልፍ ቢጫን ስለ ዋጋው፣ ስለ ሒሳብ ቁጥሩና ስለ ካርቶኑ የተጻጻፍነው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት እንዳነሣ፣ ዋና ዋናዎቹን መልእክቶች ቴሌግራም ውስጥ «የተቀመጡ መልእክቶች» (Saved Messages) ወደሚባለው የራሴ ማስቀመጫ እንዳስተላልፍ፣ ኮምፒዩተር ካገኘሁም በኮምፒዩተሩ ቴሌግራም ሙሉ ንግግሩን ወደ ፋይል እንዳወጣ አስረዳኝ። ሻጩ የሚጠቀምበትን ስም ነገ ሊቀይረው ይችላል፤ በፋይሉ ውስጥ የሚወጣው የአካውንቱ መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም። ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ በጊዜ የደረሰልኝ ይህ ነበር፤ በማግስቱ ስከፍተው የካርቶኑ ፎቶግራፍና የሒሳብ ቁጥሮቹ ከንግግሩ ላይ ጠፍተው ነበርና።

መልስ 3። የባንክ ባለሙያ የሆኑ እኅት ሁለተኛውን ሳይነቅፉ አረሙት። ስክሪንሾት ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ስለሆነ ብቻውን ክብደት የለውም፤ ክብደት የሚኖረው ከክፍያው መለያ ቁጥር ጋር ሲያያዝ ነው። የባንኩን ዝውውር ቁጥርና የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ከመጡልኝ አጭር መልእክቶች ላይ ገልብጬ እንድይዝ፣ ደረሰኞቹንም በመልእክቱ ላይ ባለው ማስፈንጠሪያ አውርጄ እንዳትም፣ ከዚያም ወደ ቅርንጫፉ ሄጄ ዝውውሩ የሚታይበትን የሒሳብ መግለጫ በማኅተም እንድቀበል ነገሩኝ። የእርሳቸው አንድ ነጥብ የክሩን አቅጣጫ ሁሉ የወሰነ ይመስለኛል። የቻናሉ ስምና የሱቁ አርማ በማንኛውም ሰዓት የሚለወጥ ነው፤ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ግን መታወቂያ አሳይቶ የከፈተው ሰው አለው። ስለዚህ ፍለጋው ከቻናሉ ሳይሆን ከሒሳቡ ይጀምር አሉ። ባንኩ የዚያን ሰው አድራሻ ለእኔ እንደማይሰጠኝ፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት በሕግ አግባብ ሲጠይቀው ግን እንደሚሰጥም አክለዋል።

መልስ 4። ይህ መላሽ ቁጣ ቁጣ ብሎታል። የማያውቀው ቻናል ላይ 32 ሺህ ብር የሚከፍል ሰው ሌላ ማንንም ሊወቅስ አይገባውም፣ ዕቃው እጅ ሲገባ መክፈል የሚባል ነገር እያለ ቀድሞ የከፈለ የራሱ ጉዳይ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ።

መልስ 5። አሶሳ የምትኖር መምህርት ለእኔ ተቆጣችልኝ። ሲደርስዎ ይክፈሉ የሚባለው አገልግሎት ሞተረኛ ከቦሌ ወደ መገናኛ ዕቃ ለሚያመላልስለት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ገዢ ግን ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ወይ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ወይ የአውቶቡስ ዋጋና የአልጋ ኪራይ ከፍሎ ራሱ ይሄዳል ስትል ጻፈች። ቃሏ ከረር ያለ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለአንድ የስፌት መኪና ደርሶ መልስ መሄድ በዕቃው ላይ ሌላ ዋጋ መጨመር ነው። ወቀሳው ከገዢው ይልቅ የክፍለ ሀገርን ሰው ያለ ምንም ዋስትና አስቀድሞ ወደሚያስከፍለው አሠራር ቢዞር እመርጣለሁ። አራተኛው መላሽ እስከ መጨረሻው በዚህ ነጥብ ላይ ተመልሶ አልጻፈም።

መልስ 6። ላምበረት መነኻሪያ ዕቃ ሲጭን የኖረ ሰው፣ ከእኛ መካከል ማንም ያላሰበውን የሥራ ላይ እውቀት አካፈለ። ዕቃ በእርግጥ ከተጫነ የአውቶቡሱ ታርጋ ይታወቃል፣ የረዳቱ ስልክ ይያዛል፣ ጫኚው ወይም ወኪሉም የዕቃውን ዓይነትና የተቀባዩን ስም የጻፈበት ወረቀት ይሰጣል። ዕቃ የላከ ነጋዴ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ያልላከ ሰው ግን ስለ መንገድና ስለ ብልሽት ብዙ ያወራል እንጂ ታርጋ አይሰጥም። ስለዚህ የዘገየውን ከአታላዩ ለመለየት ከታርጋው በቀር ሌላ ምንም እንዳልጠይቀው መከረኝ። በአንዳንድ መስመርም የሚተማመኑ ሰዎች ዕቃው ሲደርስ ዋጋውን ለረዳቱ እየሰጡ፣ ረዳቱ በመልሱ ጉዞ ለሻጩ እያደረሰ፣ ለድካሙ ትንሽ ነገር እየተቀበለ እንደሚሠሩ ጠቅሶ፣ ለወደፊቱ እንዲህ የማይስማማ ሻጭ ከገጠመኝ እንድተወው ነገረኝ።

የታርጋውን ጥያቄ በዚያው ሰዓት ጻፍሁ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ መልስ ግን አልመጣም።

መልስ 7። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ የሻጮችን ወገን ይዘው በጨዋነት ተናገሩ። እነርሱም በገዢ እንደሚታለሉ፣ የተቀነባበረ የክፍያ ደረሰኝ ልኮ ዕቃ የሚወስድ ሰው ስላስመረራቸው አሁን ገንዘቡ ሒሳባቸው ላይ መግባቱን ራሳቸው ሳያዩ ካርቶን እንደማያስወጡ ገለጹ። የመዘግየት ምክንያትም ሁሌ ክፋት አይደለም አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ስለ ናረ፣ በቀድሞ ዋጋ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ዕቃውን በአዲስ ዋጋ ማምጣት እያቃተው የደንበኛውን ስልክ ሲሸሽ ማየታቸውን አስታወሱ። ስልክ መሸሹን ደግፈው አልነበረም የጻፉት፤ ጭንቀቱን እንድንረዳላቸው ነው። በተረፈ፣ ሻጩ የሰጠኝን የሕንጻ ስምና የሱቅ ቁጥር በግል ብልክላቸው ሄደው እንደሚያዩልኝ ቃል ገቡ።

መልስ 8። የሕግ ባለሙያ የሆኑ ሰው ከሁሉም ረዘም ያለውን መልስ ጻፉ። መጀመሪያ ሰባተኛውን መላሽ በአክብሮት ተቃወሙ፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 መሠረት፣ ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ወይም ውድ ስለ ሆነ ብቻ ውሉ አይፈርስም፤ የምንዛሬ ለውጥም ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ለማለት ፈቃድ አይሰጥም። ከዚያ ወደ እኔ ጉዳይ ተመልሰው፣ ተራ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በወረቀት ካልተጻፈ አይጸናም የሚል ሕግ እንደሌለ፣ በቴሌግራም የተጻጻፍነውም በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንደማይደረግ፣ ለዚህም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እውቅና እንደሚሰጠው አስረዱ።

ቀጥለው የማስጠንቀቂያን ነገር አነሡ። በቁጥር 1772 እና ተከታዮቹ እንደተደነገገው፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት፤ በማስጠንቀቂያውም ከዚህ ቀን በኋላ ዕቃውን አልቀበልም የሚል የጊዜ ገደብ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ ልመናና ስድብ የተቀላቀለበትን መልእክት ትቼ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል በየትኛው መለያ ቁጥር እንደተከፈለ፣ እስከ መቼ እንዲደርስ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ እንደምፈልግ፣ ካልሆነም ወደ ሕግ እንደምሄድ በአጭሩ እንድጽፍ፣ ቅጂውንም እንድይዝ መከሩኝ። አብዛኛው አንባቢ የማያውቀውን አንድ ነገርም አከሉ፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ሲያፈርስ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀብዱን እጥፍ እንዲመልስ ቁጥር 1885 ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው 16 ሺህ ብር የተከፈለው በቀብድነት መሆኑ በንግግራችን ውስጥ በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ ፈልጌ እንዳወጣ አዘዙኝ። ተጽፎ አገኘሁት፤ ቃሉን የተጠቀመው ሻጩ ራሱ ነበር።

መልስ 9። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር። ከጅማ የጻፈ ወንድም የእኔን ታሪክ አንብቦ ደነገጠ፤ እርሱም ከሌላ ስም ካለው ቻናል የውኃ ፓምፕ ገዝቶ ገንዘቡን ከላከ በኋላ የታሸገ ካርቶን ፎቶግራፍ እንደተላከለት ነግሮን ፎቶግራፉን ለጠፈው። ካርቶኑ ያው የእኔው ካርቶን ነው። የቆመበት የሲሚንቶ ወለል፣ በግራ በኩል የሚታየው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር እግር፣ ከላይ ጠርዙ ላይ የተቀደደው ማሸጊያ ሁሉ አንድ ነው። የተለየው ስሙና ከተማው ብቻ ነበር።

መልስ 10። በፎቶግራፍ ሥራ ላይ ያለ አንድ መላሽ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አጉልቶ አሳየን። በእውነተኛ ካርቶን ላይ በማርከር የተጻፈ ጽሑፍ የካርቶኑን ሽንትርና መታጠፊያ ተከትሎ ይሰበራል፤ በእነዚህ ላይ ግን ፊደሎቹ መታጠፊያውን ሳይነኩ ቀጥ ብለው ያልፋሉ፣ የማሸጊያው ፕላስተር ብርሃን በሚያንጸባርቅበት ቦታም ጽሑፉ አልደበዘዘም። ስሙ ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ በምስሉ ላይ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ከዚያም የካርቶኑን ጎን እንድናይ ነገረን፤ በትንሹ የታተመው ሥዕል የጭማቂ መፍጫ ነው። የስፌት መኪና በዚያ ካርቶን ውስጥ ሊገባ እንደማይችል ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ የሰጡኝ ዘጠነኛውና አሥረኛው ናቸው። ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ መዘግየት የሚል ቃል የተጠቀመ ሰው አልነበረም።

መልስ 11 እና 12። ሁለት ሰዎች በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ በሚለው ላይ ተከራከሩ፤ አንዷ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የእግሩ እንደማይከዳ፣ ሌላው ለሥራ ፍጥነት የኤሌክትሪኩ እንደሚበልጥ አስረዱ። ለእህቴ የሚጠቅም ሐሳብ ስለሆነ አመሰግናቸዋለሁ፤ የክሩ ኃላፊ ግን ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ በትሕትና አሳሰበ።

መልስ 13። ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም የአሜሪካውን ልምድ አካፈለ። እዚያ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ባስታወቀው ቀን፣ ቀን ካላስታወቀም በ30 ቀን ውስጥ እንደሚልክ በቂ መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ ካልቻለ ገዢውን አስፈቅዶ ጊዜ ማራዘም ወይም ገንዘቡን መመለስ ግዴታው ነው። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ደግሞ ዕቃው ካልደረሰው ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ተቃውሞ ያቀርባል፤ ለዚህም ክፍያው ከታየበት መግለጫ ጀምሮ 60 ቀን እንዳለው በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ይደነግጋል። እኛስ ለምን እንዲህ አንጠይቅም የሚል ነበር ቁም ነገሩ።

መልስ 14። የባንክ ባለሙያዋ (መልስ 3) ተመልሰው ልዩነቱን አብራሩ። ክሬዲት ካርድ የባንኩ ብድር ስለሆነ ባንኩ መሐል ገብቶ ክፍያውን ሊያግድ ይችላል፤ የእኛ የባንክ ዝውውርና ቴሌብር ግን ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እንደ መስጠት ነው፤ ተቀባዩ ካልፈቀደ ወይም ሕጋዊ ትእዛዝ ካልመጣ በቀር ተመልሶ አይወጣም። ቢሆንም ወዲያውኑ ለባንኩና ለቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት በ127 ማመልከት ጥቅም አለው፤ በዚያው ሒሳብ ላይ ሌላ አቤቱታ ቀድሞ ቀርቦ ከሆነ ይጠናከራል፣ ገንዘቡም ገና ካልወጣ ፖሊስ በጊዜ ማሳገድ ይችላል። ሰዓታት ዋጋ አላቸው ያሉት ለዚህ ነው።

መልስ 15። ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እህት ለአሥራ ሦስተኛው መላሽ የሰላ መልስ ሰጠችው። ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው በዚህ ክር ውስጥ እንደሚበዛ እንዲያስታውስ ከነገረችው በኋላ የራሷን ጉዳይ ተረከች። ለእህቷ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ከአዲስ አበባ አዝዛ የደመወዟን አብዛኛውን ክፍል ልካ ነበር፤ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሻጯ ጠፋች። ሽሮ ሜዳ ያለ ዘመዷ ሱቋ ድረስ ሲሄድ ሴትዮዋ በእርግጥ ሸማኔ ጋ ያስያዘችው ቀሚስ ሳይደርስላት ቀርቶ ከኀፍረት የተነሣ ስልክ የማታነሣ ሆና ተገኘች፤ ሌላ ቀሚስ ሰጥታ ተስማሙ። እህታችን ይህን ያነሣችው ሱቅ ያለው ሻጭ በእግር ተሂዶ ሊገኝ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የመርካቶው ነጋዴ (መልስ 7) ከሥሯ ባጭሩ ጽፈው ውጤቱን ነገሩን፤ ሕንጻው አለ፣ እኔ የተሰጠኝ የሱቅ ቁጥር ግን ሕንጻው ካሉት ሱቆች ቁጥር በላይ ነው። የንግድ ፈቃድ ያለው ሻጭ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ለመስጠት እንደማይፈራ፣ በዚያ ቁጥርም ፈቃዱ የጸና መሆኑን በንግድ ሚኒስቴሩ የኢትሬድ ድረ ገጽ ማንም ከየትም ሆኖ ሊያጣራ እንደሚችል አክለዋል። ለክፍለ ሀገር ገዢ ከዚህ የሚሻል መመርመሪያ አላየሁም፤ ነጻ ነው፣ ጉዞም አይጠይቅም።

መልስ 16። በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው አቤቱታውን እንዴት እንደማቀርብ አስተማሩኝ። ሐሰተኛ ነገር እውነት አስመስሎ ሌላውን ሰው ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት ማስፈጸም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ነው፤ በኮምፒዩተር አማካይነት አሳሳች መረጃ አሰራጭቶ ወይም ማንነትን ደብቆ ሲፈጸም ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። ጣቢያ ሄዶ በቃል ማማረር ወደ አዲስ አበባ ሂድ የሚል መልስ ያስከትላል፤ ቀኑን፣ ብሩን፣ የዝውውር ቁጥሮቹን፣ የሁለቱን ተቀባዮች ስምና የቴሌግራሙን መለያ ቁጥር በአንድ ገጽ ዘርዝሮ፣ አባሪውን በቁጥር አያይዞ የሚያመለክት ሰው ግን መዝገብ ይከፈትለታል ሲሉ ከልምዳቸው ተናገሩ። የጅማው ወንድምም በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ በከተማው እንዲያመለክትና ሁለታችንም አንዱ የሌላውን አቤቱታ እንድንጠቅስ አዘዙ። አንድ አቤቱታ የንግድ አለመግባባት ሊመስል ይችላል፤ አንድ ዓይነት ካርቶን የታየባቸው ሁለት አቤቱታዎች ግን ልማድን ያሳያሉ።

መልስ 17። ደሙ የፈላ ወጣት የሁለቱን ሒሳብ ባለቤቶች ስም፣ ስልክና ፎቶግራፍ በየገጹ እንድንለጥፍ፣ አድራሻቸው ከታወቀም ጎረምሶች ይዘን ቤታቸው እንድንሄድ ጠራን። ብዙዎች ወደዱለት።

መልስ 18። የሕግ ባለሙያው በዚህ ጊዜ የተለመደ ጨዋነታቸውን ወደ ጎን ትተው ጻፉ። በኮምፒዩተር አማካይነት የሰውን ስም ማጥፋት በዚያው 958/2008 አዋጅ እንደሚያስጠይቅ፣ ተበዳይ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ተከሳሽ እንደሚሆን፣ ከዚህም በላይ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ባለቤት አታላዩ ራሱ ላይሆን እንደሚችል አስገነዘቡ። ጥቂት ብር ተከፍሎት ወይም በይሉኝታ ሒሳቡን ለሌላ የሚያውስ ሰው ሞልቷል፤ እርሱም በሕግ ይጠየቃል እንጂ በደቦ አይደበደብም። በዚህ ላይ ያለ ማመንታት ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ አሥራ ሰባተኛው መልስ በክሩ ኃላፊ ተነሥቷል።

መልስ 19። አዲስ የተከፈተ ስም ይዞ የመጣ ሰው የጠፋ ገንዘብ በቴክኒክ እንደሚያስመልስ፣ ለዚህም 3 ሺህ ብር ቅድሚያ እንድልክለት ጻፈልኝ። የጅማው ወንድምም በግል ያው መልእክት እንደደረሰው ነገረን። የተጎዳ ሰው የሚጽፍበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለው ሁለተኛ አታላይ ይከተላል፤ በተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ ያለን ገንዘብ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከራሱ ከተቋሙ ውጭ የሚመልስ ሰው የለም። መልሱ ተሰርዞ ስሙ ከመድረኩ ታግዷል።

መልስ 20። ይህ የራሴ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሕግ ባለሙያው ባሉኝ መልክ ጽፌ ለሻጩ በቴሌግራም፣ ለቴሌብሩ ባለቤት ደግሞ ገንዘቡን በላክሁበት በዚያው የስልክ ቁጥር በአጭር መልእክት ላክሁ። አቤቱታዬንም በደሴ ለፖሊስ በጽሑፍ አስገብቼ ቁጥር ተሰጥቶኝ ስለነበር፣ ቁጥሩን በማስጠንቀቂያው ላይ ጠቀስሁ። ሻጩ ንግግሩን በሙሉ አጥፍቶ ዘጋኝ። የቴሌብሩ ባለቤት ግን በዚያው ቀን ደወለ። ድምፁ የልጅ ነው። ስልክ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ እንደሚሠራ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ገንዘብ ይገባልሃል፣ አውጥተህ ስጠኝ እያለ በየጊዜው 200 ብር ይሰጠው እንደነበር፣ ከእኔም የገባውን 16 ሺህ ብር አውጥቶ እንደሰጠው እየፈራ ነገረኝ። አሁን ያለው 8 ሺህ ብር ብቻ እንደሆነ፣ ያንን ከላከልኝ ስሙን ከአቤቱታው ላይ እንዳወጣለት ለመነኝ። ምን ልመልስለት ብዬ ጠየቅኋችሁ።

መልስ 21። የመጀመሪያው አባት ልጁ እንደሚያሳዝናቸው ጽፈው፣ ወጣት ነውና ምሬው፣ የተገኘውን ተቀብዬ ልጁን እንድተወው መከሩ። አሶሳ ያለችው መምህርት (መልስ 5) እዚህ ላይ አልራራችም፤ የዚህ ልጅ ሒሳብ ባይኖር ሻጩ ገንዘቡን የሚቀበልበት እጅ አይኖረውም ነበር አለች። ሁለቱም ያሉት ገብቶኛል።

መልስ 22። የሕግ ባለሙያው ነገሩን ለያዩት። ምሕረትና ማስረጃ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። 8 ሺህ ብሩን መቀበል እችላለሁ፤ ስቀበል ግን ከ32 ሺህ ብሩ በከፊል የተመለሰ መሆኑን፣ ቀሪውን የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሁለታችንም እንድንይዝ፣ ተስማምተናል ወይም ጉዳዩ አልቋል የሚል ቃል እንዳይገባበት አስጠነቀቁ። ስሙን ማውጣት በእኔ እጅ እንዳልሆነም ልንገረው አሉ፤ አታላይነት የግል አቤቱታ አቅራቢው ሲተወው የሚዘጋ ወንጀል አይደለም። ለልጁ የሚበጀው ከእኔ ጋር መደራደር ሳይሆን ፖሊስ ሳይጠራው ራሱ ሄዶ፣ ገንዘቡን ለማን አውጥቶ እንደሰጠና ያ ሰው በየትኛው ስልክ ይደውልለት እንደነበር ቃሉን መስጠት ነው።

መልስ 23። የጅማው ወንድም የራሱን ደረሰኝ ሲያገላብጥ ያገኘውን ጻፈልን። የእርሱም ገንዘብ ከፊሉ የገባው በዚያው ልጅ ቁጥር ነው።

መልስ 24። ለልጁ የሕግ ባለሙያው ያሉኝን እንዳለ ነገርሁት፤ የጅማውንም ጉዳይ ጨመርሁለት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ለፖሊስ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። 8 ሺህ ብሩ ደርሶኛል፤ በከፊል የተመለሰ ገንዘብ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈርሞ ፎቶግራፉን ልኮልኛል። ዋናውን በአውቶቡስ ላከው፤ የላከበትን አውቶቡስ ታርጋም ሳልጠይቀው ጻፈልኝ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዤ አስገባዋለሁ። በቴሌግራም የዚህ ካርቶን ፎቶግራፍ የተላከላችሁ ሌሎች ካላችሁ፣ ስምና ስልክ እዚህ ሳትጽፉ፣ የክፍያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ በየከተማችሁ ፖሊስ አመልክታችሁ የአቤቱታውን ቁጥር ብቻ በግል ላኩልኝ፤ በእኔና በጅማው ወንድም መዝገብ ላይ እናስጠቅሰዋለን።